ሲሄዱ 9 ሰዓት ተኩል፣ ሲመለሱ 21 ሰዓት? የእናቴን ትኬት የሚያስረዳኝ አጣሁ

የፍራንኮ ልጅ፦

ሰላም ወገን። አዳማ ነኝ። እናቴ በነሐሴ አሜሪካ ልትሄድ ነው፤ እህቴ ልትወልድ ስለደረሰች ልታርሳት። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን፣ ደለስ የሚባለው ኤርፖርት። የምትመለሰው በታኅሣሥ ነው፣ ገናን ከእኛ ጋር እንድትውል። ከዚህ በፊት አውሮፕላን ላይ ወጥታ አታውቅም።

ግራ ያጋባኝ ትኬቱ ነው። ስትሄድ 22፡40 ይነሳና በማግስቱ 08፡10 ይደርሳል ይላል። ስትመለስ 11፡00 ይነሳና በማግስቱ 08፡00 ቦሌ ይገባል። ስቆጥረው መሄጃው 9 ሰዓት ተኩል፣ መመለሻው 21 ሰዓት ሆነብኝ። ያው መንገድ አይደለም እንዴ? ርቀት የሚያሰላ ድረ ገጽ ላይ ሳየው ደግሞ ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው፣ 13 ሰዓት ገደማ ይፈጃል አለኝ። በዚህ ላይ ጎረቤታችን "ኧረ ሙሉ ቀን ነው፣ 24 ሰዓት ነው!" ብለው እናቴን አስፈራሩብኝ። እንግዲህ የቱን ልመን?

የምጠይቀው ለወሬ አይደለም። እማዬ ስኳር አለባት፣ መድኃኒቷን ሰዓት ጠብቃ ነው የምትወስደው። ደግሞ ጉዞው ፍልሰታ ውስጥ ነው፣ እሷ እስከ 9 ሰዓት ነው የምትጾመው። "የቱ ሀገር 9 ሰዓት ሲሆን ነው የምገድፈው?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። በናታችሁ የምታውቁ አንድ በሉኝ።

ቨርጂኒያ ያለሁ፦

እኔም የአዳማ ልጅ ነኝ፣ እዚህ ከመጣሁ ቆየሁ። ወንድሜ ቁጥሩ ልክ ነው፣ ሰዓቱ ነው ሁለት ዓይነት የሆነብህ። ትኬት ላይ መነሻው የሚጻፈው በሚነሱበት ከተማ ሰዓት ነው፣ መድረሻው ደግሞ በሚደርሱበት ከተማ ሰዓት። ነሐሴ ላይ ዋሽንግተን ከእናንተ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ነች። ስለዚህ እናትህ እዚህ 08፡10 ሲያርፉ አዳማ 15፡10 ሆኗል። ከ22፡40 እስከ 15፡10 ቁጠረው። 16 ሰዓት ተኩል።

መመለሻው ላይ ግን ተጠንቀቅ፣ በታኅሣሥ ልዩነቱ 8 ሰዓት ነው። እዚህ በእናንተ የካቲት መጨረሻ ወይ መጋቢት መጀመሪያ ላይ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፉታል፣ በጥቅምት መጨረሻ ደግሞ ይመልሱታል። ከ21 ላይ 8 ስትቀንስ 13 ሰዓት ይቀርሃል። እና ትኬቱ አጭር ያስመሰለው መሄጃ ነው ረጅሙ፣ እናትህን ያስፈራቸው መመለሻ ነው አጭሩ።

በነገራችን ላይ ጎረቤታችሁም አልዋሹም። ከአዳማ በራቸው ተነስተው እህትህ ቤት ሶፋ ላይ እስኪቀመጡ ቁጠረው። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከአዳማ ቢወጡ፣ ቦሌ ጥበቃው አለ፣ በረራው አለ፣ ደለስ ሲደርሱ ደግሞ የኢሚግሬሽን ሰልፍ አለ፣ ሻንጣ መጠበቅ አለ። 24 ሰዓት ያልፋል እንጂ አያንስም።

የፍራንኮ ልጅ፦

አቦ ተባረክ! ገባኝ። ግን አንድ ነገር ቀረኝ። ሰዓቱን አስተካክለን እንኳን መሄጃው 16 ተኩል፣ መመለሻው 13 ነው። 3 ሰዓት ተኩል የት ገባ? ያው አየር መንገድ፣ ያው ሁለት ከተማ።

የወንጂ መንገድ፦

ቀላል ነው እኮ። መሬት ስለምትዞር ነው። ሲሄዱ ከተማዋ እየሸሸች ነው፣ ሲመለሱ ወደ እነሱ እየመጣች ነው።

ቾክ፦

አይደለም ወንድም፣ ይሄን ተማሪዎቼም በየዓመቱ ይሉኛል። እንደዚያ ቢሆን አዳማ ላይ ሄሊኮፕተር አንስተህ አንድ ሰዓት ባለበት አቁመኸው ስትወርድ ደቡብ ሱዳን ዳርቻ ታርፍ ነበር። መሬት ስትዞር አየሩንም ይዛ ነው የምትዞረው፣ አውሮፕላኑም ያ አየር ውስጥ ነው።

ልዩነቱን የሚያመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ንፋስ ነው። አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ፣ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ላይ ማለቴ ነው፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ንፋስ አለ። ጄት ስትሪም ይሉታል። በተለይ በእነሱ ክረምት አትላንቲክ ላይ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበት ጊዜ አለ። አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ 900 ገደማ ይሄዳል እንበል። 100 የሚሆን ንፋስ ከፊት ሲገጥመው ከመሬት አንጻር 800 ይሆናል፣ ከኋላ ሲገፋው 1,000። 11,500ን ለሁለቱም አካፍለው፤ አንዱ ወደ 14 ሰዓት ተኩል፣ ሌላው 11 ሰዓት ተኩል ይመጣል። ንፋሱ መንገዱን ሙሉ እንዲህ አይቆይም፣ እንድትረዳው ነው። ያ ድረ ገጽ የሰጠህ 13 ሰዓት ግን ንፋስ የሚባል ነገር አያውቅም። ርቀቱን ለ900 አካፍሎ ነው የሰጠህ።

ሁለተኛው ራሱ ቦሌ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚያ አየሩ ስስ ነው፣ ስለዚህ ክንፉ የሚያነሳው ክብደት ይቀንሳል፣ ሞተሩም እንደ ቆላው አይገፋም። ሰው ሞልቶ፣ ጭነት ሞልቶ፣ በዚያ ላይ በተቃራኒ ንፋስ እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ልጫን ቢል ማኮብኮቢያው አይበቃውም። ስለዚህ ነዳጁን ቀነስ አድርጎ ይነሳና መንገድ ላይ አንድ ቦታ አርፎ ይሞላል። ትኬትህን ደህና አድርገህ እየው፣ መሄጃው ላይ አንድ ማረፊያ ይኖራል። ሲመለሱ ደግሞ ደለስ ከባሕር ጠለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ንፋሱም ከኋላ ነው። ነዳጁን እስከ አፉ ሞልቶ ያለ ማረፊያ ቦሌ ይገባል።

ቢሾፍቱ አቡሴራ ላይ የሚሠራው አዲሱ ኤርፖርት ለከተማ መጨናነቅ ሲባል ብቻ የመጣ ይመስላቸዋል ሰዎች። ከቦሌ ወደ 400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፣ አንዱ ትልቅ ጥቅሙ እሱ ነው። ለእኛ ለአዳማ ሰዎች ደግሞ በራችን ላይ ነው።

የወንጂ መንገድ፦

እሺ ፕሮፌሰር 😅 ሄሊኮፕተሯን ወድጃታለሁ።

ሚዛን፦

ቆይ፣ ትኬቱ ላይ ማረፊያው የት ነው? የእኛ ሰፈር ሰው ባለፈው ሲሄድ አየርላንድ አረፍን ብሎ አውርቷል። አየርላንድ ምን አገናኘው? ካርታ ላይ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን መስመር አስምር፣ በቻድ፣ በኒጀር፣ በማሊ፣ በሞሪታኒያ አድርጎ ነው አትላንቲክ የሚገባው። አየርላንድ እኮ ሰሜን ጥግ ናት። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ሰውን ያዞራሉ።

ቾክ፦

ካርታው ነው የሸወደህ። መሬት ድቡልቡል ናት፣ ካርታ ግን ጠፍጣፋ። ሉል የምታገኝ ከሆነ ክር ይዘህ አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ ላይ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ አድርገህ ወጥረው። ክሩ ቻድንም ማሊንም አይነካም። በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በአልጄሪያ አድርጎ ሜዲትራኒያንን ይሻገርና በስፔንና በፖርቱጋል ላይ አትላንቲክ ይገባል። አጭሩ መንገድ እሱ ነው። 11,500 የሚባለው ርቀትም በዚያ ክር የተለካ ነው።

በአየርላንድ በኩል ቢዞርም መንገዱ ብዙ አይረዝምም። ከአዲስ አበባ ደብሊን ወደ 6,350 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከደብሊን ዋሽንግተን ወደ 5,450። ድምሩ 11,800። ከቀጥታው በ300 ኪሎ ሜትር ነው የሚበልጠው፣ ለአውሮፕላን 20 ደቂቃ ነው። ሰዓቱን የሚበላው መዞሩ ሳይሆን ወርዶ፣ ቆሞ፣ ሞልቶ እንደገና መነሳቱ ነው።

ደግሞ እውነተኛው በረራ ክሩን ቀጥ አድርጎ አይከተልም። ሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ሲጀመር ሰማዩ ለመንገደኛ አውሮፕላን ተዘጋ፣ በዚያ በኩል ወደ አውሮፓ ይሄድ የነበረው ሁሉ መዞር ነበረበት። ንፋሱም በየቀኑ ይለያያል፣ አብራሪዎቹ የዕለቱን አይተው ነው መስመር የሚይዙት። ስለዚህ የዛሬው 16 ሰዓት ከ10 ቢሆን፣ የነገው 16 ሰዓት ከ50 ቢሆን አትደንግጡ።

ቨርጂኒያ ያለሁ፦

እኔ ስመጣ ደብሊን ነበር ያረፍነው። በሎሜ በኩል የመጡም አውቃለሁ። እንደ ጊዜው ስለሚቀያየር የትኬቱን እመን። ነዳጅ ለመሙላት ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከወንበር አያስነሱም። እዚያ ላይ ነው እናትህን ደጋግመህ ማስረዳት ያለብህ፤ አውሮፕላኑ ሲያርፍ "ደረስን" ብለው ቦርሳቸውን አንስተው እንዳይወርዱ። እኔ የመጣሁ ጊዜ አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የእጅ ሻንጣቸውን አቅፈው በሩ ጋ ቆመው ነበር። አስተናጋጇ በስንት ልመና ነው የመለሰቻቸው።

የጾሙን ነገር ደግሞ አሁን ሳስበው አሳቀኝ። እናትህ እዚህ ሲያርፉ አዳማ ስንት ሰዓት ነው ብለናል? 15፡10። በእኛ 9 ሰዓት ከ10! ልክ የአዳማ 9 ሰዓት እንዳለፈ ይደርሳሉ ማለት ነው። እዚህ ግን ገና ጠዋት 2 ሰዓት ከ10 ነው። የአዳማን ከያዙ ደለስ ላይ ሻንጣ እየጠበቁ መግደፍ ይችላሉ። የዋሽንግተንን ከያዙ ገና 7 ሰዓት ገደማ ይቀራቸዋል።

ነርሷ፦

ኧረ ተዉ፣ በዚህ አትቀልዱ! ስኳር ያለበት ሰው ነው እኮ። ቦሌ ከመግባታቸው በፊት 12 ሰዓት ላይ እራት ቢበሉ እስከ ማግስቱ 9 ሰዓት 21 ሰዓት ነው። መድኃኒት እየወሰዱ ይህን ያህል ባዶ ሆድ መቀመጥ ስኳሩን ሊያወርደው ይችላል፣ ያውም አየር ላይ። የንስሐ አባታቸውን ከአሁኑ ያናግሩ። ለታመመ ሰው መፍትሔ አያጡለትም። የጾም ምግብ ደግሞ አስቀድማችሁ ካዘዛችሁ አውሮፕላኑ ላይ ይቀርባል።

መድኃኒቱን በተመለከተ። ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ቀኑ ይረዝማል። የዚያን ዕለት የእናትህ ቀን 24 ሰዓት ሳይሆን 31 ሰዓት ነው። ሲመለሱ ደግሞ 16 ሰዓት ይሆናል። በቀን ሁለቴ የሚወስድ ሰው "ጠዋት ሆኗል" ብሎ በአዲሱ ሀገር ሰዓት ቢውጥ አንዱን ያራርቀዋል፣ ሌላውን ያቀራርበዋል። ኪኒን ከሆነ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፣ ኢንሱሊን ከሆነ ግን በግምት የሚደረግ አይደለም። ሁለቱንም ትኬት ይዛችሁ ሐኪማቸው ጋ ሂዱና በየስንት ሰዓቱ እንደሚወስዱ አስጽፉ። መንገድ ላይ የእጅ ሰዓታቸውን አትንኩባቸው፣ በአዳማ ሰዓት ይቆይ። ደርሰው አረፍ ሲሉ እህትህ ታስተካክልላቸው።

መድኃኒቱ በእጅ ቦርሳ ነው የሚሄደው። ሻንጣ ውስጥ እንዳታስገቡት። ሻንጣው ቢዘገይስ? ኢንሱሊን ደግሞ ታች ዕቃ ክፍል ውስጥ ሊበርድና ሊበላሽ ይችላል። የሐኪም ማዘዣውም በእንግሊዝኛ አብሮት ይኑር። እግራቸው እንዳያብጥ በየሰዓቱ፣ ቢበዛ በየሁለት ሰዓቱ ተነስተው በመተላለፊያው ወዲያ ወዲህ ይበሉ፣ ውኃም ይጠጡ። መጸዳጃ ቤት መመላለሱን ፈርተው ውኃ የሚተዉ እናቶች ብዙ ናቸው።

የፍራንኮ ልጅ፦

ኪኒን ነው፣ ጠዋትና ማታ። በዚህ ሳምንት ሐኪሟ ጋ እወስዳታለሁ። ውኃ የሚተዉ እናቶች ያልሽው በትክክል እሷን ነው፣ አዲስ አበባ ስንሄድ እንኳን ከዋዜማው ነው መጠጣት የምታቆመው። ንስሐ አባቷ ጋ ደግሞ እሷው ትሄዳለች፣ እኔ ከነገርኳት "አንተ ደግሞ ቄስ ሆንክ" ትለኛለች።

ከአዳማ ስንት ሰዓት እንነሳ ታዲያ? በፍጥነት መንገዱ እኮ አንድ ሰዓት ነው፣ 12 ሰዓት ላይ ብንወጣ አይበቃም?

ትኬት ቢሮ፦

አይበቃም። እኔ ትኬት ቢሮ ነው የምሠራው፣ እዚሁ አዳማ፣ ከዚህ የሚቀሩ ሰዎችን ስለማይ ነው። 22፡40 ማለት በእኛ ማታ 4 ሰዓት ከ40 ነው። ለአሜሪካ በረራ ቢያንስ ከሦስት ሰዓት በፊት ቦሌ ሁኑ፣ ማታ 1 ሰዓት ከ40 ላይ ማለት ነው። እናትህ አዲስ መንገደኛ ናቸው፣ 1 ሰዓት ላይ ብትደርሱ ይሻላል። የፍጥነት መንገዱ እውነትህን ነው ይሮጣል። ችግሩ የፍጥነት መንገዱ ከሚያልቅበት ከቱሉ ዲምቱ በኋላ ነው። ሰው ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት ከተማ ውስጥ ስትገባ መንገዱ ስንት እንደሚፈጅ ማንም አይነግርህም። ቨርጂኒያ ያለው እንዳለው 10 ሰዓት ላይ ውጡ። ቀድማችሁ ከደረሳችሁ ምን ትሆናላችሁ፣ ሻይ ጠጥታችሁ ትጠብቃላችሁ።

ዊልቸር አሁኑኑ አስመዝግቡላቸው። መራመድ ይችላሉ አውቃለሁ። ቋንቋ ለማይችሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄዱ እናቶች ዊልቸር ለእግር አይደለም፣ የሚመራቸው ሰው እንዲያገኙ ነው። ደለስ ላይ ከአውሮፕላኑ በር ተቀብሎ በኢሚግሬሽን አሳልፎ፣ ሻንጣቸውን አውርዶ እህትህ እጅ ነው የሚያስረክባቸው። የእህትህን አድራሻና ስልክ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ፓስፖርታቸው ውስጥ አስገቡ። ስልካቸው ውስጥ አለ አትበሉ፣ ስልክ ባትሪ ይጨርሳል።

አዲስ ሰው፦

ይቅርታ ጥያቄውን ላቋርጥ። የአክስቴ ልጅ ዱባይ ልትሄድ ነው፣ ትኬቷ አርብ 00፡35 ይላል። አርብ ማታ ነው የምንሸኛት አይደል? አርብ ከሰዓት በኋላ መኪና ተነጋግረናል።

ትኬት ቢሮ፦

አይደለም! ከሁሉም በላይ ሰው የሚቀርበት ይሄ ነው። 00፡35 ማለት ቀኑ ገና አሁን ጀመረ ማለት ነው። በእነሱ አቆጣጠር አርብ የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው፣ በእኛ ደግሞ ቀን የሚጠባው ሲነጋ ነው። ትኬቷ ለአርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ35 ነው የሚለው። ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት ላይ ቦሌ መሆን አለባት። አርብ ማታ ብትሄዱ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው።

አዲስ ሰው፦

ዛሬ ሐሙስ ነው እኮ!!

ትኬት ቢሮ፦

ስንት ሰዓት ነው አሁን፣ 8 ሰዓት አይደል? ትደርሳላችሁ። መኪናውን አሁን ደውልና ለ11 ሰዓት አድርገው። ፓስፖርቷና ቪዛዋ በእጇ መሆኑን እይ፣ ሻንጣውን ሌላ ሰው ይዝጋላት።

አዲስ ሰው፦

ጸጉር ልትሠራ ወጥታለች። ስልኳን አታነሳም። ልፈልጋት ሄድኩ።